ሔርሞን ያሸገችው ሳጥን

ተረት እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ኮለምበስ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ከቀኑ በአስር ሰዓት የሆነ ነው። ኢስተን የገበያ ማዕከል አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ዮፍታሔ ራሱ ነው የነገረኝ... በዚያ ሙቀት አንገቱን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልሎ።

ዮፍታሔ የፊዚክስ ተመራማሪ ነው። ፕሮቶኖች በኃይል ሲጋጩ ሀድሮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈናጠራሉ፤ ስንት እንደሚፈናጠሩ መለካት ነው ሥራው። ልኬቱን ግን የሠራችው አብራው የምትሠራው ሔርሞን ነበረች። ታምማ ሆስፒታል ስትተኛ "ስህተት በስህተት ነው የሠራችው" ብሎ ስሟን ከጥናት ጽሑፋቸው፣ ከፔፐሩ፣ አስወጣ። ልፋቷን ለራሱ አደረገው። ይህን ሰምታ ነው የሞተችው።

እኔ በበኩሌ አላዝንለትም።

በሙያቸው አንድ ደንብ አለ። ማንም ደስ ወዳለው መልስ እንዳያዘነብል፣ ስሌቱ እስኪያልቅ ውጤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይታሸጋል። "ሳጥን" ይሉታል። የሚከፍተውም ያሸገው ሰው ነው።

ያሸገችው ሔርሞን ነበረች።

ሳጥኑ በተከፈተበት ቀን ቢሮው ውስጥ የነበሩት እሱና የሥራ ባልደረባው ጆሲ ብቻ ናቸው።

"ፓስወርዱን ከየት አመጣኸው?" አለ ጆሲ በሹክሹክታ።

"ሪሴት አስደረግኩት።"

"እሷ እኮ ናት ያሸገችው..."

"ሞታለች፣ ጆሲ። ኦፕን አድርገው።"

ተከፈተ።

መጀመሪያ የአንድ ግጭት ምስል መጣ። ከመሃል አምስት የሀድሮን ዱካዎች ወጥተዋል። አንዷ አጭር ናት።

ዮፍታሔ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሔርሞን ልጅ ሳለች በር ጨፍልቋት የግራ እጇ ትንሿ ጣት ግማሽ ነበረች...

"ቀጣዩን።"

አምስት ዱካ። አንዷ አጭር።

"ቀጣዩን አልኩህ!"

አምስት... አሁን ግን ጫፋቸው ጎበጥ ብሏል። በሚቀጥለው ደግሞ ይበልጥ ጎበጡ። አንድ ነገር ሊጨብጥ የተዘጋጀ እጅ ይመስሉ ነበር።

ኤሲው ቀጥ አለ። ክፍሉን የሆስፒታል ሳሙና ሽታ ሞላው።

"ዝጋው! ጆሲ፣ ዝጋው!"

"ዘግቼዋለሁ..." አለ ጆሲ። "ስክሪኑ ከጠፋ ቆየ እኮ። ምን እያየህ ነው?"

ዮፍታሔ ወሬውን እዚህ ላይ አቁሞ ካፌውን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ።

"ታዲያ ስሟን መልስላታ!" አልኩት፤ ንዴቴን መደበቅ አቅቶኝ።

"እመልሳለሁ... ብቻ ፔፐሩ በእኔ ስም ይውጣና..."

አልጨረሰውም። ሻርፑ ከትከሻው ተንሸራተተ። አንገቱ ላይ አምስት የጣት ምልክቶች አሉ፤ አንዷ አጭር ናት።

ዓይኔ እያየ... አምስቱም ወደ ውስጥ ሰመጡ።