የማይታጠበው ሐር

ይፍቱሥራ በየማለዳው እንደምታደርገው ሻሿን ቋጥራ፣ ምስል የምታትምበትን በእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ ሐር ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። መስኮቱ ከውጭ እንዳይታይ በሰማያዊ ቀለም ስለተቀባ ማተሚያ ክፍሉ በጠራራ ፀሐይም ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ የነጭ ጋዝና የቀለም ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሙያውን የተማረችው ከአብዮቱ በፊት ኒውዮርክ ነው። እዚያ አስተማሪዋ የፖለቲከኞችን ፎቶ ከጋዜጣ እየቆረጠ፣ ሐሩ ላይ እያሳረፈ፣ በደማቅ ቀለም ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያትመው ነበር። «አንድን ፊት ደጋግመሽ ካተምሽው ሰው መሆኑ ይረሳል» ይላት ነበር። ያኔ ቀልድ መስሏት ስቃለች።

አሁን የምታትመው በጠላት ጥይት ወደቀ የተባለ የአንድ ሰማዕት ምስል ነው፤ ለቅዳሜው ሰልፍ፣ አምስት መቶ። አለቃዋ ጓድ በየነ ሥራውን ሲሰጣት በሩን ገርበብ አድርጎ «በሰዓቱ ከደረሰ የወንድምሽን ጉዳይ እኔ ራሴ አነሳዋለሁ» ብሏታል። ወንድሟ ምትኩ ከተወሰደ አስራ አንድ ቀኑ ነው። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእሱ ሌላ ማንም የላትም።

ሰኞ ዕለት ቀለሙን በማሰራጫው ጎማ በሐሩ ላይ ስትጎትት፣ ከሰማዕቱ ትከሻ ኋላ ደብዘዝ ያለ ሁለተኛ ፊት አየች። ሐር እንደ ልብ ስለማይገኝ የድሮው ምስል እየታጠበ ሌላ ይሠራበታል፤ በደንብ ያልታጠበ ሐር ደግሞ የቀድሞውን ጥላ ይዞ ይቀራል። የራሴ ስንፍና ነው ብላ ክንዷ እስኪዝል በነጭ ጋዝ አሸችው። ጥላው ግን ከወረቀት ወረቀት እየጠራ ሄደ፤ መጀመሪያ መነጽር፣ ቀጥሎ ሪዝ አወጣ። የሰፈራቸው የጂኦግራፊ አስተማሪ ጋሽ ዘርጋው ነበሩ። የእሳቸውን ፎቶ በዕድሜዋ አትማ አታውቅም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሬዲዮው እርምጃ የተወሰደባቸውን ሰዎች ሲያነብ የጋሽ ዘርጋው ስም ሦስተኛው ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጥላው ፊት ለወጠ። ጉንጩ ሞላ፣ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ መጣ፤ በአጠገብ ባለው ክፍል የምትሠራው ታይፒስቷ አሰለፈች ሆነ። ረቡዕ ጠዋት የጽሕፈት መኪናው ድምፅ አልተሰማም። ይፍቱሥራ ብቅ ብላ ስታይ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሹራቧ መደገፊያው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ማንም ስለ እሷ አልጠየቀም።

ተመልሳ ምላጭ አነሳች። ሐሩን ብትተለትለው ሥራው ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ ምትኩ ይቀራል። ባትተለትለውስ፣ ዛሬ የሚወጣው ፊት የማን እንደሚሆን በምን ታውቃለች? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ምላጩን አስቀምጣ ጎማውን ያዘች። እያለቀሰች ጎተተች፤ ቀለሙ በሐሩ ቀዳዳዎች ሲያልፍ የሚያሰማው እርጥብ ድምፅ አንድ ሰው ከጀርባዋ የሚተነፍስ ያህል ቀረባት፣ ግን ዞራ አላየችም። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አጎንብሳ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምትኩን የግራ ቅንድብ የሰነጠቀውን ጠባሳ።

አራት መቶኛው ላይ ጥላው መጣ። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ቀስ እያለ የሻሽ ቋጠሮ ወጣ።

«ሴት ናት!» አለች ጮክ ብላ። «ተመስገን፣ ሴት ናት!» ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የማን ልጅ፣ የማን እናት ትሆን ብላ ሁለተኛ አላየቻትም። በደስታዋ አፈረች፤ ደስታው ግን ከእፍረቱ በለጠ። የቀሩትን መቶ ወረቀቶች ዐይኗን ከጎማው ሳታነሳ ጨረሰች።

ሐሙስ ረፋድ ጓድ በየነ በሩን ከፈተ። ከኋላው ምትኩ ቆሟል፤ ከስቷል፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ግን በሕይወት አለ። ይፍቱሥራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ፊቱን በቀለማም እጆቿ እየዳበሰች ጠባሳውን ሳመችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጓድ» አለች።

ጓድ በየነ ከበሩ ፈቀቅ አላለም። ውጭ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ይንተከተካል። ምትኩ ከትከሻዋ በላይ፣ በገመድ ላይ ተሰቅለው የሚደርቁትን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያየ ቆየ።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከሰውየው ኋላ የቆምሽው ለምንድን ነው?»