ወደ ፊት የተሳበው ወንበር

«ሥራዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለች የኔነሽ በስልክ። «ነገ ባሌን ስቀብር ሣጥኑን ወንድሙ ይሸከመው ወይስ ከደጅ ልመልሰው?»

ሥራዬ አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ሲያትል ከመጣች ወዲህ ለአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የመኪና አደጋ ታጣራለች። ሐዘን ቤት ጥያቄ ይዞ መግባት እንዴት እንደሚከብድ ከማንም በላይ ታውቃለች። ወዳጅ ሲጠራ ግን ይኬዳልና ካፖርቷን ደርባ የኔነሽ ወደምትኖርበት ወደ ቡሪየን ነዳች።

ሟቹን ንዋይን የማያውቅ የሰፈሩ ሐበሻ አልነበረም። አገር ቤት ታክሲ፣ እዚህ የኤርፖርት ሻትል ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሞተርሆም ገዛ። «ሰው የቤት መኪና ይገዛል፣ እኔ የመኪና ቤት ገዛሁ» እያለ ይቀልድ ነበር። ለጉዞ ሲወጡ ትንሿን ባለማርሽ መኪናቸውን በብረት ዘንግ ከኋላ አስሮ ይጎትታታል። በዚህ ሳምንት ቤተሰቡ ከውቅያኖስ ዳር ሲመለስ፣ ቁልቁል በሚወርደው የቤታቸው መግቢያ ላይ ሞተርሆሟ ከታች፣ ትንሿ መኪና ከላይ ቆሙ። ንዋይ ዘንጉን ሊፈታ በመሃላቸው ገባ። ዘንጉ ሲፈታ መኪናዋ ተንከባለለችና ከሞተርሆሟ ጋር አጣብቃ ገደለችው።

ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ ሄደ። ሰፈሩ ግን ታናሽ ወንድሙን ሙላውን ኮነነ። የላላውን የእጅ ፍሬን አጠብቃለሁ ብሎ ያላጠበቀው እሱ ነበር። መንገድ ላይ «ይቺ መኪና አንድ ቀን ትገድልሃለች» ሲለውም የኔነሽ በጆሮዋ ሰምታለች።

ሥራዬ ወደ ለቀስተኛው ከመግባቷ በፊት ትንሿን መኪና አየች። ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ እንደተወሸቀ ቆማለች። የሹፌሩ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል ጉልበቷ ከመሪው ጋር ተጋጨ። የማርሹን ዘንግ በጣቷ ነካ ብታደርገው ወዲያና ወዲህ ተወላወለ። ማርሽ አልገባም።

ሙላው ሐዘን ቤቱ አላስገባው ስላለ አጥሩ ጥግ ፓርክ ባደረገው መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ሊቀበላት ሲወርድ ቀና ብላ አየችው፤ የንዋይ ቤተሰብ ረጅም ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ ገና ሳትጠይቀው። «እንደቆምን ትንሿ መኪና ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። ማርሽ ማስገባት ሲገባኝ ረሳሁና ፎሌ ላይ ትቻት ወረድኩ።»

«ከዚያስ?»

«የሞተርሆሟን ሞተር ላጠፋ ሄድኩ። ስመለስ… አለቀ። መኪናዋን በትከሻዬ ወደ ላይ ገፋኋት፤ የወንድሜ ልጅ ሳሌም ድንጋይ ወሸቀች።»

«ከዚያ በኋላ የገባባት አለ?»

«ማን ልብ አለው? ፖሊሱም በመስኮት አይቶ ነው የሄደው።»

እንደ ወንድሙ ዕድሜውን በመንዳት የፈጀ ሰው ማርሽ ይረሳል? ሥራዬ አላመነችውም፤ ግን ጥፋት ለምን ይሻማል?

የንዋይ ልጅ ሳሌም መኝታ ቤቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሬድመንድ የምትሠራ፣ ቁመቷ ወደ እናቷ የሄደ ወጣት ናት።

«አንቲ ሥራዬ፣ አጎቴ ብሬኩን ፊክስ ቢያደርገው ኖሮ ዳዲ አይሞትም ነበር» አለች።

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ካሩ ውስጥ። ዳዲ ግቢ አለኝ። ከዚያ ‹ፉሊ አውጪው› አለኝ፣ ሶ ማርሹን አወጣሁት። የሞተርሆሙ ድምፅ ነበር፣ ባት ሰማሁት። ያለኝን ነው ያደረግኩት።»

ሥራዬ እጇን ጨበጥ አድርጋ ተነሳችና ወደ እናቷ ሄደች።

«የኔነሽ፣ ንዋይ ሳሌምን በእንግሊዝኛ ያናግራት ነበር?»

«ስለምትስቅበት አንድ ቃል አይደባልቅም ነበር። በተለይ የመኪና ነገር ሁሉ ያው የአገር ቤት ሹፌር ቋንቋው ነው።»

«መንዳት ያስተማራት እሱ ነው?»

«ሙላው ነው እንጂ። ንዋይማ ትዕግሥት የለው። እኔ ደግሞ መሪ ጨብጬ አላውቅ።»

ሥራዬ ሙላውን ከደጅ አስጠርታ፣ ሦስቱን ውስጠኛው ክፍል ሰብስባ በሩን ዘጋች። የኔነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሙላው በልኩ የተቀመጠበት ወንበር ወደ ፊት ተስቦ አገኘሁት» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ከሱ በኋላ አጠር ያለ ሰው ተቀምጦበታል። ወንበሩን የሳበው ፍሪሲዮን ለመርገጥ ነው፤ ፍሪሲዮን ደግሞ ማርሽ ሊቀየር ሲል ይረገጣል። ማርሹ አሁን ፎሌ ላይ ነው። ሙላው እንደሚለው ቀድሞም ፎሌ ላይ ከነበረ፣ ያ ሰው ምኑን ቀየረው?»

ሥራዬ ራሷ መለሰችው።

«ሙላው ማርሽ አስገብቶ ነው የወረደው። መኪናዋን በደንብ አቁሟታል።»

የኔነሽ ወደ ሙላው ዞረች። «ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ሥራዬ፣ እባክሽ እህቴ፣ እዚህ ላይ ይብቃሽ» አለ ሙላው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት ሥራዬ ስትወደው ኖራለች፤ ዛሬ ግን ባይነጋ በወደደች። ዝም ብትል ሙላው ወንድም ገዳይ ተብሎ ይኖራል፤ ሳሌምም ነገሩን አንድ ቀን ከማያዝንላት አፍ ትሰማዋለች። ልጅቷ አጠገብ ሄዳ ተንበረከከች።

«ሳሌም፣ ፎሌ ማለት ምንድን ነው?»

«ፉሊ? ኮምፕሊትሊ፣ ሙሉ በሙሉ ማለት አይደል?»

«ኒውትራል ማለት ነው የኔ ልጅ። የኛ ሾፌሮች እንዲህ ነው የሚሉት። ሙላው ማርሽ ማስገባቱን አባትሽ አላወቀም። ‹ከፎሌ አውጪው› ነው ያለሽ፤ ማርሽ አስገቢ ማለቱ ነው።»

ሳሌም ቃሉን በከንፈሯ ብቻ ደጋገመችው።

«ኦኬ ዳዲ አልኩት» አለች በመጨረሻ። «ጎበዝ አለኝ።»

«እኔ ነኝ ኒውትራል እያልኩ ያስተማርኳት» አለ ሙላው። «ሞተሩን እንዳጠፋሁ ‹ፉሊ አወጣሁት› ስትል ሰማሁ። ንዋይ ብዬ ጮህኩ፤ አልደረስኩለትም።»

የኔነሽ ልጇን አቀፈቻት። ሥራዬ በዚያ ቤት ጥፋተኛ ስትፈልግ ውላ አንድም አላገኘችም፤ ጥፋተኛ ቢገኝ ይሻል ነበር ብላ አዘነች።

«ና ሙላው» አለች የኔነሽ። «ነገ ሣጥኑን ከፊት አንተ ትይዛለህ። ሳሌምን በመሃላችን እናስገባታለን። ይህ ቃልም ከዚህ በር አይወጣም።»

ሙላው ወንበር አልፈለገም። እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለና፣ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።