ደወሉ ሳይደወል

ረጅሙና ቲቸር የተዋወቁት በጠብ ነው። ጠቡም በወንበር።

በዚያ ክረምት ሁለቱም ከየኮሌጃቸው ለተግባር ልምምድ አንድ የወጣቶች ማዕከል ተመድበው ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን እሷ የፕላስቲክ ወንበሮቹን በክብ ስትደረድር እሱ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ በመስመር ይመልሳቸዋል። አዳራሹን እንዲህ ካጋመሱ በኋላ ዞር አለች።

«ይቅርታ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ወንበር እያስተካከልኩ።»

«እኔስ ምን እያደረግኩ መሰለህ?»

«እያበላሸሽ» አላት፣ ፊቱ ላይ አንድም የቀልድ ምልክት ሳይታይ። ከዚያ በጣቱ ጣሪያውን አሳያት። የክቡ መሃል ልክ ከቆርቆሮው ቀዳዳ ሥር ነበር። «ዝናቡ ሲጀምር ወጣቶቹን ልታጥቢያቸው ካልሆነ በቀር።»

መሳቅ አልፈለገችም። ሳቁ አመለጣት። ወንበሮቹን ግን ክረምቱን ሙሉ በክብ ከመደርደር አልተመለሰችም፤ መሃሉ ላይ ባልዲ ታስቀምጣለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ረጅሙ። ስሙን ያወጡለት የማዕከሉ ወጣቶች ናቸው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ስለሚል። እሷንም ቲቸር አሏትና በዚያው ጸና።

የማዕከሉ ዋና ሥራ የሐሙስ ከሰዓቱ ጭውውት ነበር። ጭውውቱ ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ባሕሩ መንገድ፣ በጀልባ ስለሚደረገው ስደት። በዚያ ሰፈር ልጁን ወደ ባሕሩ ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው። ረጅሙ ለመሄድ የተነሳውን ወጣት ይጫወታል፤ ቲቸር እጮኛውን። እጮኛዋ ዓይኗ ጎረቤት ያገኘው ሀብት ላይ ነው፤ እገሌ ያለፈለት ስለሄደ ነው እያለች ትገፋፋዋለች። መጨረሻ ላይ «ሂድ» ስትለው የማዕከሉ አስተባባሪ የእጅ ደወሏን ታቃጭላለች። ከዚያ ከተመልካቹ የፈለገ ይነሳና በእጮኛዋ ቦታ ቆሞ ነገሩን ያቃናዋል። ሕጉ አንድ ነው፤ ደወሉ ሳይደወል ከገጸ ባሕሪ መውጣት የለም። ሳቅ ቢያፍንህም፣ ጣሪያው ቢያፈስብህም።

ለማቃናት ሁልጊዜ ቀድመው የሚነሱት፣ ለተጫዋቾቹ የሚቀርበውን ወንበር ለማንም የማይለቁት እማማ ፊት-ወንበር ነበሩ። ልጃቸው በዚያው ባሕር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል።

«ለቀባሪው ታረዱታላችሁ?» ይላሉ ሲገቡ። ግን አንድም ሐሙስ አይቀሩም። ተነስተው የረጅሙን እጅጌ ጨምድደው ይይዛሉ። «አትሂድ የኔ ልጅ። ያለውን ተካፍለን እንበላለን።»

«እሺ እማማ፣ ቀርቻለሁ» ይላል እሱ። እሳቸውም ረክተው ይቀመጣሉ።

«እማማ፣ ሁሌ እርስዎ ብቻ! ለኛም ተራ ይስጡን እንጂ» ብለው ወጣቶቹ ሲያሾፉ «ቁጭ በል አንተ!» ይላሉ። አንድ ቀን ግን ቲቸር ወለሉን ስትጠርግ ጠጋ አሏት።

«ያቺ አንቺ የምትሆኛት እጮኛ እኔ ነኝ» አሏት። «ልጄን ሂድ ያልኩት እኔው ነኝ።»

ቲቸር መጥረጊያውን ይዛ ቀረች።

ከሥራ በኋላ ረጅሙና ቲቸር በአንድ ጃንጥላ ይሄዳሉ። ጃንጥላው የእሷ ነው፤ የሚይዘው እሱ ነው፤ ግማሽ ትከሻው ሁልጊዜ ይበሰብሳል። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ የሰው ልብስ እያጠበች እንደሆነ የነገራት እዚያ ሥር ነው። የእትዬን እጅ ሳሙና በልቶታል አላት።

«ስትመረቅስ ምን ትሆናለህ?»

«እንደ አምናዎቹ ተመራቂዎች ግንብ ተደግፌ እቆማለሁ። ይኸውልሽ፣ ባዶ እጄን ነኝ።»

«እጅህን ማን ጠየቀህ?»

አያት። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይመታል። ወዳዋለች፤ እሱም ያውቃል። ነገር ግን እሷ ይንገረኝ ብላ ትጠብቃለች፣ እሱ ምን ይዤ ልንገራት ብሎ ይውጠዋል። መታጠፊያው ላይ ጃንጥላውን መለሰላትና ተለያዩ።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ማዕከሉን የሚረዱ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። በዕለቱ አስተባባሪዋ ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጥታለች።

«እንግዶቹ ቶሎ ይሄዳሉ። ደወሉን እንደደወልኩ እናበቃለን፤ ማንም አይነሳ። ለእማማም ንገሪያቸው።»

ቲቸር ነገረቻቸው። እማማ ቅር አላቸው፤ ግን ሻርፓቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ጭውውቱ እንደ ወትሮው ሄደ። መጨረሻው ላይ ረጅሙ የለመደውን ቃል ተወው።

«መንገዱን የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ» አላት። «ነገ ነው የምንነሳው። እትዬ አልቅሳ አልቅሳ ደክማለች። የቀረኝ ያንቺ ቃል ነው። አትሂድ በይኝና እቀራለሁ። ግንብ ተደግፌም ቢሆን እቀራለሁ።»

ለምን በጃንጥላው ሥር አልጠየቃትም ትሉ ይሆናል። አንዳንድ ሰው የራሱን ነገር በሌላ ሰው ስም ካልሆነ አያወጣውም። ረጅሙ እንደዚያ ያለ ሰው ነበር፤ ምን ይደረግ።

ቲቸር ከንፈሩ ደርቆ አየች። ግንቡን ስትሰማ ልቧ ደንገጥ አለ፤ የሁለታቸው ቀልድ ነበርና። ወዲያው ግን ኮራችበት። ለእንግዶቹ ብሎ አሳመረው፣ እንዴት ጎበዝ ነው አለች በሆዷ። አትሂድ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ደወሉ ግን አልተደወለም።

«ሂድ» አለችው፣ በእጮኛዋ ድምፅ። «ባዶ እጅህን እዚህ ቆመህ ምን ልታደርግልኝ?»

«እሺ» አለ።

ከ«ሂድ» በኋላ እሺ የሚባል ቃል ጭውውቱ ውስጥ የለም። ደወሉ ተደወለ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እማማ ፊት-ወንበር ብድግ አሉ።

«ኧረ ይሄ ልጅ የምሩን ነው!»

አዳራሹ ሳቀ። ቲቸርም ሳቀች። አስተባባሪዋ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸውና እማማ ተቀመጡ።

በር ላይ «ጥሩ ተጫወትሽ» አላት ረጅሙ።

«አንተ ትብስ! ሐሙስም እንደዚሁ እናድርገው።»

ፈገግ አለና ጎንበስ ብሎ ወጣ። ስትመለስ ወንበሮቹን ሁሉ በመስመር ደርድሯቸው አገኘች።

በማግስቱ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ሐሙስ ዕለት አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ጠየቀች። እጆቿ ነጥተው ተሰነጣጥቀዋል፤ ማን እንደሆነች ለማወቅ ሌላ አላስፈለገም።

«ቲቸር የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«የዚያን ቀን ሲወጣ፣ አትሂድ ካለችኝ እቀራለሁ ብሎኝ ነበር። ዕቃውን ደብቄ ጠበቅኩት። ሲመለስ ምን አለችህ ብዬ ብጠይቀው ሂድ አለችኝ አለ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አልፈርድብሽም እህቴ። ማን እንደሆንሽ ልይሽ ብዬ ነው።»

«የጭውውቱ ቃል ነው እኮ!» አለች ቲቸር። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እጮኛዋ ናት! ደወሉ አልተደወለም ነበር!»

እህቱ ግራ ተጋብታ አየቻት።

«የምን ጭውውት?» አለች።

የፈሩት ይደርሳል። ዝናቡ እያባራ ሲመጣ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው፤ እነ ረጅሙ የተሳፈሩባት ጀልባ ተገልብጣለች። ከተረፉት አንዱ ለቤተሰቡ ደውሎ የሰመጡትን ሲቆጥር ረጅሙን ጠራው። የሚቀበር እንኳ አልተገኘም። ቲቸር ከእህቱ ቤት ሄዳ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠች። ምኑ ነሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

በመጨረሻው ሐሙስ አስተባባሪዋ ጭውውቱ ይቅር አለች። ቲቸር እምቢ አለች። ረጅሙን ተክቶ የመጣው አዲስ ተለማማጅ ቃሉን አጥንቶ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሳይሳሳት ደረሰና የእሷን «ሂድ» ጠበቀ።

«አትሂድ» አለችው።

ተለማማጁ ደነገጠ። «ቃሉ ሂድ ነው» ብሎ አንሾካሾከ።

«አትሂድ! ባዶ እጅህን ቅር! እጅህን ማን ጠየቀህ? እኔ እጅህን መች ጠየቅኩህ?» ተለማማጁን አልነበረም የምታየው።

አንድም ሰው አልሳቀም። አስተባባሪዋ ደወሉን ይዛ ቆማለች፤ አልደወለችውም። እማማ ፊት-ወንበር ቀስ ብለው ተነሱና ወደ መሃል ወጡ። ዛሬ የያዙት የተለማማጁን እጅጌ ሳይሆን የቲቸርን እጅ ነው።

«ለዚህ ነው እኮ ልጄ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔም በየሳምንቱ የምመጣው።»

ቲቸር ስትመረቅ ማዕከሉ ቋሚ አድርጎ ቀጠራት። ሐሙስ ሲደርስ እማማን በራፍ ላይ ወጥታ ትቀበላቸዋለች። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ባልዲውም የለም። ወንበሮቹን ግን እስከ ዛሬ በመስመር ነው የምትደረድራቸው።