ኳሷ ስትለቀቅ የት ነበርክ?

ታኬታውን ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። ጫማ ሰፊ ሆኜ ስኖር ሰው የሚያናግረው ጫማውን እንጂ እኔን እንዳልሆነ ከገባኝ ቆይቷል። ስለዚህ እኔም የማናግረው ጫማውን ነው።

«ተረከዙ ጋ ተተርትሯል» አለች።

«የማን ነው?»

«የእግር።»

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ረጅም ካፖርት ለብሳ፣ ሻርፗን እስከ አገጯ ጠቅልላ ቆማለች። ዓይኖቿ ይስቃሉ። የንቀት ሳቅ አልነበረም። ንቀትን አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ በሱ ላይ ማንም አያታልለኝም።

ታኬታው ትንሽ ነው፤ የታናሽ ወንድሟ መሆን አለበት ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። ላሳያት ፈልጌ፣ የውጪው ጎን ማለቁን በጣቴ እየነካሁ፣ «ወንድምሽ ክንፍ ላይ ነው የሚጫወተው አይደል?» አልኳት።

«ሩጫው መስመር ላይ ነው» አለች።

ጥቁር ክር አልቆብኝ ነበር። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ነገ ተመለስ ብዬ እሸኘው ነበር። እሷ ግን ሄዳ እንዳትቀርብኝ ብዬ በቀይ ክር ሰፋሁላት። አገላብጣ አየችና፣ «ያምራል። ከሩቅም ይታወቃል» አለች።

እውነቷን ነበር። ከሩቅ ታወቀ።

ሱቄ ከስታዲየሙ አጥር ሥር ናት። አጠገቤ ፀጉር አስተካካዩ አለ፤ ከኔ ጋር የአንድ ቡድን ደጋፊ ነው፤ ምላሱ ከምላጩ ይልቅ ስለታም። «ሪፕሌይ» ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ነው፤ አንድ ታሪክ ደጋግሜ ስለማወራ። ታሪኩም ይሄ ነው፦ በወጣትነቴ ለወጣት ቡድኑ ምርጫ በተደረገ ጨዋታ ላይ ጎል አገባሁ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አነሳ። ጎሉ ተሻረ፣ እኔም ተሻርኩ። ያን ቀን የተመረጡት ልጆች ዛሬ መኪና ይነዳሉ፤ በሱቄ በር ሲያልፉ መስኮታቸውን ዝቅ አያደርጉም። እኔ ጫማ እሰፋለሁ። ያ ባንዲራ ነው እዚህ ያስቀመጠኝ። ለሰማኝ ሁሉ የምለው ይሄንን ነው፤ ላልሰማኝም ጭምር።

እሷ ሰማችኝ። አንድ ጊዜ ማሰሪያ ልትገዛ፣ አንድ ጊዜ የእናቷን ጫማ ልታሠራ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያለምንም ምክንያት መጣች። ስትመጣ በርጩማውን በክርኔ እጠርግላታለሁ። የምናወራው ኳስ ነው። ያን ሰሞን የከተማው ወሬ ዘጠኝ ቁጥራችን ነበር፤ በዓመቱ አጋማሽ ከወንዙ ማዶ ላለው ተቀናቃኛችን ፈርሞ ሄዷል። ፀጉር አስተካካዩ «ኑሮ ነው፣ ምን ያድርግ?» ይላል። እኔ ግን፣ «ዓርማውን ስሞ የሄደ ሰው ሚስቱንም ስሞ ይሄዳል» እላለሁ።

«አንተ ከዚህች ሱቅ ንቅንቅ አትልም ማለት ነው?» አለችኝ።

«ሞቼ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ በዳኞች ላይ ስድብ ማውረድ ጀመርኩ። ሁሉም ዕውሮች ናቸው፤ ዕውር ያልሆነውም የተገዛ ነው አልኳት። የተሻረችውን ጎሌንም ነገርኳት። ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ወይ ያዝንልኛል ወይ ሰዓቱን ያያል። እሷ ሁለቱንም አላደረገችም።

«ኳሷ ስትለቀቅ የት ነበርክ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የት እሆናለሁ? ግቡ ፊት ነዋ!»

ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «በሚቀጥለው እነግርሃለሁ፣ አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለች። እኔ ሞኙ ልቤ ዘለለ። የፍቅር ቃል መስሎኝ ምሳዬን እንኳ ሳልበላ ዋልኩ።

ከማዶዎቹ ጋር የምንጫወትበት ቀን መጣ። ዘጠኝ ቁጥሩ በነሱ ማልያ ገብቶ አገባብን። ደረጃው ላይ ያለው ደጋፊ በሙሉ ነደደ። እኔ አጥሩ ሥር የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነኝ፤ ዜማ የማወጣው እኔ ነኝና ቦታዬን ማንም አይቀማኝም። በሌላ ነገር የማይሰሙኝ ሰዎች እዚያ ይሰሙኛል። ከኔ ሁለት መቀመጫ ራቅ ብለው አንዲት እናት ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አገባን። ዘለልን፣ ተቃቀፍን። ፀጉር አስተካካዩ አንገቴን ሳመኝ። ከዚያ ከፊታችን ያለችው የመስመር ዳኛ ባንዲራዋን አንስታ አየናት። ጎሉ ተሻረ።

ዳኛን ፊቱን አይቶ የሚሳደብ የለም፤ ሰው የሚያየው ባንዲራውን ነው። እኔም ያየሁት ያንን ባንዲራ ብቻ ነው፤ የድሮዬን። ሆዴ ውስጥ የከረመው ሁሉ ወደ ጉሮሮዬ መጣ። ቆምኩና አወጣሁት፦

«ባንዲራውን ጣይው፣ መጥረጊያውን ያዢው!»

መጀመሪያ አጠገቤ ያሉት ያዙት። ቀጥሎ ረድፉ፣ ቀጥሎ ደረጃው በሙሉ። እንዲህ ያለ ዜማ በሕይወቴ አውጥቼ አላውቅም። እጆቼን እያወናጨፍኩ መራሁት። ወደ እናትየዋም ዞር ብዬ፣ «እማማ፣ እርስዎም ይዘምሩ እንጂ!» አልኳቸው። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው አዩኝ።

የመስመር ዳኛዋ ጀርባዋን ሰጥታን ቀጥ ብላ ቆማለች። አልዞረችም። ኳሱ ሲንቀሳቀስ እሷም በጎን በጎን ሮጠች። እግሯን ያየሁት ያኔ ነው። ተረከዟ ላይ ቀይ ስፌት አለ።

የራሴን እጅ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። የመጨረሻዋ ክር ላይ ሁልጊዜ ሁለቴ እቋጥራለሁ፤ ቋጠሮዋ ሳትቀር ታየችኝ።

አፌ ተዘጋ። የኔ መዘጋት ግን ለማንም አልተሰማም። አስር ሺህ ጉሮሮ ያለኔ ይዘምር ነበር። ወደታች ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ፀጉር አስተካካዩ ደከመህ እንዴ እያለ ትከሻዬን ይመታኛል።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ሱቄ ውስጥ የጎሉን ቪዲዮ በስልኩ ደጋግሞ ሲያይ ዋለ። አቁሞ ሲያየው፣ ኳሷ ስትለቀቅ የአጥቂያችን ጉልበት ከመጨረሻው ተከላካይ አልፏል።

«ጉልበቱ ብቻ እኮ ነው ያለፈው!» አለ።

«እና ኦፍሳይድ ነው» አልኩት።

«ምን ያድርግ ታዲያ፣ ጉልበቱን ቤቱ ትቶት ይምጣ?»

ሳቀና ዜማዬን ማፏጨት ጀመረ። እሷ የገባችው ያኔ ነው። ካፖርቷ ያው ነው፣ ሻርፗ ያው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ዳኛዋ መሆኗን አላወቀም።

በሩ ሥር የቆመውን መጥረጊያዬን አነሳች። መጥረግ ጀመረች። የቆዳ ቁርጥራጩን፣ የክሩን ብጥስጣሽ፣ የተነቀለውን ምስማር፣ ሁሉንም ከጥግ ጀምራ ቀስ ብላ ሰበሰበችው።

«እግርህን አንሳልኝ ወንድሜ» አለችው ፀጉር አስተካካዩን።

አነሳላትና፣ «ሪፕሌይ፣ ሠራተኛ ቀጠርክ እንዴ? ሳትነግረን!» አለኝ።

ቆሻሻውን እግሬ ሥር ከመረችው። መጥረጊያውን እንደያዘች ፊቴ ቆመች።

«ያዝኩት» አለች። «አሁን ምን ላድርግ?»

ምን እላለሁ? ምድር አትከፈትም፤ ሞክሬያለሁ፣ አትከፈትም። አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የምለው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ደህና ነበር ማለቴ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«ድምፅህን ከዜማው በፊት ነው ያወቅኩት» አለች። «ያን ቀን ልነግርህ የነበረው ሥራዬን ነበር።»

መጥረጊያውን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ እግሮቹን እንዳነሳ ቀርቷል። ቀስ ብሎ አወረዳቸውና፣ «እሷ ናት እንዴ?» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

በሚቀጥለው ጨዋታ የመስመር ዳኛው ወንድ ነበር። ቢሆንም ደጋፊው ዜማውን ጀመረ፤ ወዶታል። ተነስቼ ተዉ አልኳቸው። ነውር ነው፣ ባንዲራው ልክ ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ከዚያ አንዱ ከላይ፣ «ሪፕሌይ ለዳኞች ፈረመ!» ብሎ ጮኸ። «ከዳተኛ! ማልያውን አውልቅ!» ተባለ። በዘጠኝ ቁጥሩ ላይ ያወረድኩት ስድብ አንድም ሳይቀር ተመለሰልኝ፤ ቃላቱን ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ። ማልያዬን አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቅዬው ወጣሁ።

ቤቷን አፈላልጎ የነገረኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው። «እናቷ ከገበያው ጀርባ ልብስ ይሰፋሉ» አለና አንገቱን አቀርቅሮ፣ «ፀጉርህን ልከርክምህ፤ እንዲህ ሆነህ አትሂድ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሊያሾፍብኝ ነው ብዬ እቀየመው ነበር። ያን ቀን ዝም ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

በሩን የከፈቱት እናትየዋ ናቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ። አየኋቸው፣ አዩኝ። ቦርሳ ይዘው ደረጃው ላይ ብቻቸውን የተቀመጡት እናት ናቸው።

«ዛሬስ ይዘምሩ አትለኝም?» አሉኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«እኔን ነው እሷን?»

«ሁለታችሁንም።»

«እኔ እንኳ ጆሮዬ ደከም ያለ ነው» አሉ። «ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አላመለጠችውም።»

ግባም ሂድም ሳይሉኝ ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። ተከትዬ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የዳኛ ልብስ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ አልጋው ላይ ደግሞ የተከፈተ ሻንጣ አለ። እሷ ከውስጠኛው ክፍል ወጣች። ስታየኝ ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም።

«ልትሄጂ ነው?»

«ከፍ ወዳለው ሊግ መድበውኛል፤ ሌላ ከተማ። ዝውውር ነው፤ ከዳተኛ በለኝ እንግዲህ።»

በቃል ያጠናሁት ይቅርታ ነበረኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ ሳነበንበው መጥቼ ጠፋብኝ። በሱ ፈንታ ሌላ ወጣ።

«የዚያን ቀን የጠየቅሽኝን...» አልኩ። «ኳሷ ስትለቀቅ የት እንደነበርኩ አላውቅም። ያን ጎል ስንት ጊዜ በልቤ መልሼ እንዳየሁት! ሁልጊዜ የሚታየኝ መረቡ ነው፤ ከዚያ ባንዲራው። እኔ የት እንደቆምኩ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ዓይኔ ግቡ ላይ ነበር።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሰውየውን ስትሳደብ?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት።» አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ። «ባለፈውም ያው ነው። ባንዲራውን እንጂ የያዘውን ሰው አላየሁም።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እናትየዋ ያዳምጣሉ፤ ያ ደከም ያለ ጆሯቸው።

እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ታኬታዋን አንስታ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«በዚያ ሁሉ ሩጫ አልተፈታም» አለች። «እዚያ ከተማ ጫማ ሰፊ ይኑር አይኑር አላውቅም።»

«ጫማ ሰፊ የሌለበት ከተማ የለም» አሉ እናትየዋ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ።

ልሄድ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ቀይ ክር ያለው ግን የለም፣ እማ» አለች።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እስከ ዛሬም በአፏ አላለችውም። እኔ ግን ሞቼ ካልሆነ አልነቃነቅም ያልኩባትን ሱቅ ዘጋሁ። ወስፌዬን፣ መዶሻዬን፣ በርጩማዬን ጭኜ ተከተልኳት። ስሄድ ፀጉር አስተካካዩ የመኪናውን በር ይዞ፣ «ዓርማውን ሳትስም ትሄዳለህ?» ብሎኝ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበርና አልተቀየምኩትም።

ዛሬ ባለቤቴ ናት። ባንዲራ በምትይዝበት ሁሉ ከእናቷ ጋር ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ያ ዜማ ግን ከእኛ ቀድሞ ተጉዟል። ማን እንዳወጣው የማያውቁ፣ ከተማችንን እንኳ ያላዩ ሰዎች ይዘምሩታል። ባንዲራዋ ሲነሳ ገና ሳይጀምሩት ጆሮዬ ይሰማዋል። እናቷ ቦርሳቸውን ጠበቅ ያደርጉና ፊት ለፊት ያያሉ። እኔ ወዴትም አላይም። ተነስቼ አቁሙ ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ ሳቁብኝ። ከአፌ የወጣ ነገር ነው፣ ወደ አፌ አልመለስ አለኝ።

ቤት ስትገባ ታኬታዋን እኔ ነኝ የምፈታላት። ጭቃውን አራግፌ ስፌቱን አያለሁ፤ ከሳሳ በቀይ እደግመዋለሁ። አንዳንድ ቀን እንደ ምንም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ዛሬም ዘመሩ አይደል?» እላታለሁ።

እግሯን ጭኔ ላይ ትዘረጋና፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው «ምኑን?» ትለኛለች።

እንዲህ ስትለኝ ነው፣ ከሁሉም በላይ የማፍረው።