ከኋላ ያለችው መሰኪያ

ጸሐፊዋ ለኮምፒውተር ጠጋኙ የሻይ ብርጭቆ ስታቀብለው ፍላሽ ዲስኩ ከመዳፏ ወደ መዳፉ አለፈ።

ማንም አላየም። የጥበቃ ኃላፊው ጀርባውን ሰጥቶ በሩን እየቆለፈ ነበር።

«የኮምፒውተሩ የፊት መሰኪያዎች ተሰብረዋል» አለች ጮክ ብላ። «የምትሠራው ከኋላ ያለችው ብቻ ናት።»

ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ። ሰፈሩ የሚያውቀው በኮምፒውተር ጠጋኝነቱ ነው። የላኩት ሰዎች ግን «ችንካር» ይሉታል። እዚህ ቢሮ የገባው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። የስለላን ሥራ ያስተማሩት አዛውንት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ በዚህ ቢሮ ሰዎች እጅ ወድቀዋል። የታሰሩበት ቤት የካሜራ ምስል የሚጠራቀመው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ምስሉ ከወጣ ቤቱ ይታወቃል። ካልወጣ የጋሼ ሬሳ እንኳ አይገኝም።

የውስጥ ሰዋቸው ጸሐፊዋ ነበረች፤ ዕቅዱም ቀላል ነበር። ፍላሹን መሰካት፣ ምስሉ እስኪቀዳ የሚጠግን መስሎ መነካካት፣ መውጣት።

«ምን ይጎልትሃል?» አለ ኃላፊው። «ጠጋኝ ነህ ወይስ ለቅሶ ልትደርስ መጣህ?»

«ጨለመብኝ፣ አለቃ።»

«አንቺ፣ ባትሪ ያዢለት። ዐይኑም ጥገና ይፈልጋል መሰለኝ።»

ጸሐፊዋ አጠገቡ ተንበርክካ የስልኳን መብራት አበራች።

ጠጋኙ የፊተኛውን መሰኪያ አየ።

ደግሞ አየ።

ኮምፒውተሩ አቧራ ለብሷል፤ በየቀዳዳው እንደ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል። በተሰበረው መሰኪያ ውስጥ ግን ቅንጣት የለም። በሥራ ብዛት የሚበላሽ መሰኪያ መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ውስጡ ያለው ቀጭን ምላስ እየጎበጠ ይሄዳል። የዚህ ምላስ ግን በፒንሳ ተቆልምሟል። የፒንሳው ጥርስ የቧጨረው ብረት ገና ያብለጨልጫል።

ዛሬ ነው የተሰበረው።

የሰበረውም ሰው ጠጋኙ ወደ ኋላኛዋ መሰኪያ እንዲሄድ ፈልጓል።

ኤሌክትሪኩን ነቅሎ ክዳኑን ፈታ። ከኋላኛዋ መሰኪያ የተነሳ ቀጭን ሽቦ በቀዳዳ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ፍላሹን በሰካበት ቅጽበት ውጭ ደወል ይጮኻል፣ ዘቦች ይገባሉ፤ እጅ ከፍንጅ ይያዛል።

ቀና ብሎ ጸሐፊዋን አያት። ዐይኗን ሰበረች።

ሸጣዋለች።

«ወንድሜን ይዘውብኛል» አለች በትንፋሽ።

ለመናደድ ጊዜ አልነበረውም።

«አለቃ፣ ይሄን ከእኔ በፊት የከፈተው ማነው?»

የኃላፊው መንጋጋ ተነቃነቀ። «ማን ይከፍተዋል?»

«ታዲያ ይሄ ሽቦ ከሰማይ ወረደ? ሾርት ያደርጋል እኮ። ሲቃጠል በእኔ ልታሳብቡ ነው። የኋላዋን አልነካም፤ የፊቱን ነቅዬ አዲስ እገጥማለሁ።»

«የኋላዋ ትሠራለች ተብለሃል።»

«የምትሠራ ከሆነማ እኔን ምን አስጠራኝ?»

ኃላፊው ወጥመዱን ሳያጋልጥ ሊያስገድደው አይችልም። መጥቶ በላዩ ላይ ቆመ፤ ትንፋሹ ማጅራቱን ያሞቀዋል።

ጠጋኙ በባትሪ የሚሠራውን አቧራ የሚነፋ ብሎወር ከቦርሳው አወጣ። «ፊትዎን ዞር ያድርጉ» አለ። እስኪዞር ግን አልጠበቀም።

የስንት ዘመን አቧራ በኃላፊው ዐይንና አፍ ገባ። እያሳለና እየተሳደበ ወደ መስኮቱ ሮጠ።

ብሎኖቹ ተፈቱ። ገመዶቹ ተነቀሉ። ምስሉ ያለበት የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ወደ ቦርሳው ገባ፣ ከቦርሳው የወጣ የሞተ ዲስክ ቦታውን ያዘ።

መብራቱን የያዘችው እሷ ናት። ሁሉን አይታለች። አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

አልተነፈሰችም።

ፍላሹ ቀረ። እሱ ላይ ከተገኘ አበቃለት። እጁ የሚደርስበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የሹራቧ ኪስ።

እጁ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ፍላሹን ኪሷ ውስጥ ጣለው።

አዲሱን መሰኪያ ገጥሞ ኮምፒውተሩን አበራው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ነግሬዎት ነበር፣ ያ ሽቦ በላው። ዕቃ ፈልጌ ነገ እመለሳለሁ።»

«ፈትሹት።»

ሁለት ዘቦች ገቡ። ካልሲውን ሳይቀር አስወለቁት። ቦርሳውን ሲገለብጡት ያረጁ ዲስኮች ወለሉ ላይ ተዘረገፉ።

«ይሄ ሁሉ ግሳንግስ ምንድነው?»

«እንጀራ የምበላበት ነው።»

ኃላፊው በጫማው ገፋ አደረጋቸው። የሚፈልገው ፍላሽ ነበር። ፍላሽ የለም።

ቀስ ብሎ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። «ወንድምሽን ለማስፈታት የማንንም ሚስኪን ትጠቁሚያለሽ?»

«ሰጥቼዋለሁ፣ ጌታዬ፣ በእናቴ...» እጇ ኪሷ ውስጥ ካለው ፍላሽ ላይ ደርሶ ቀረ። ኃላፊው አየ።

«አንተ፣ ግሳንግስህን ሰብስብና ውጣ» አለ፣ ዐይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ።

ጠጋኙ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ወጣ። በሩ ከኋላው ሲቆለፍ ሰማ። አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ይታያል።

ዲስኩ በዚያው ቀን ለላከው አለቃ፣ «አጎት» ለሚሉት ሰው ደረሰ። በማግስቱ አጎት ደወለ።

«ጋሼ ወጥተዋል። እግራቸው ተሰብሯል፣ ግን ይተነፍሳሉ።»

«ልጅቷስ?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«መብራት የያዘችልኝ።»

«የጥገና ሱቅህን ዛሬውኑ ልቀቅ» አለ አጎት። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ከተማ ውስጥ ሳህንና ብርጭቆ የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው አለ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ላፕቶፕ ታቅፋ ገባች።

«ወንድም፣ ፍላሽ አልቀበል አለችኝ። እዚህ አካባቢ የሚጠግን ሰው ታውቃለህ?»

መሰኪያውን አየው። ምላሱ ትንሽ ጎብጧል፤ በመርፌ ቀና ቢደረግ ይበቃዋል።

«አላውቅም፣ እህቴ። እኔ እንኳን ኮምፒውተር ስልክም በደንብ አልችልም።»

ልጅቷ አመስግና ወጣች። እሱ ሳህኖቹን መወልወሉን ቀጠለ።