ለባዳ የማይወጡ መጻሕፍት

ትርሲት ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ወዳለው ክፍል ስትወርድ ገና ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ነገሩ የለመደችው ነው፤ የመጽሐፉን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ መታወቂያ አስይዞ መጠበቅ። ስለ ቤተሰብ ለምትሠራው የሶሲዮሎጂ ጥናት ሦስት ጥራዞች ቀርተዋታል። ሁለት ጊዜ ቀን ያራዘመላት አማካሪዋ እስከ ዓርብ ካላነበበቻቸው መመረቁን እንድትረሳው ነግሯታል። የሦስት ዓመት ልፋቷን ውሃ ሊበላው ነው።

ታች የጠበቃት የአሮጌ ወረቀት ሽታ አልነበረም፤ ክዳኑ ሳይከፈት የሰነበተ የምሳ ዕቃ ሽታ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ቅባታም፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ። የአምፖሉ ብርሃን ከጠረጴዛው አያልፍም፤ ከመደርደሪያዎቹ ኋላ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ብዙ አፎች ቀስ ብለው የሚያላምጡ የሚመስል ድምፅ ይመጣል። አይጥ ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ደግ መሳይ ሽማግሌ፣ ጣታቸውን እየላሱ መዝገቡን ገለጡ። የየገጹ ጠርዝ በምራቅ ጠቁሯል። ጥራዞቹ እንዳሉ፣ ግን ለባዳ እንደማይወጡ ነገሯት። ትርሲት የሽማግሌ ቀልድ መስሏት ሳቀችና፣ እንግዲያው ቤተሰብ ያድርጉኝ አለቻቸው።

ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። በረጋ ስብ የተሸፈነውን ግራጫ ሥጋ በዚያው በላሱት ጣት ጠቅልለው አፏ ድረስ አመጡላት። የሽማግሌ ጉርሻ አይመለስም። ሥጋው ልስልስ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል ነበር፤ ምላሷ ላይ ፀጉር ቀረ። አንገሸገሻት፤ ዋጠችው። የመጀመሪያው ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ የኔ ልጅ» አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

እሱን ስትውጥ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁለተኛው ጥራዝ መጣ። በሦስተኛው ላይ ጥርሷ አንድ ቀጭን ጠንካራ ነገር አገኘ፤ በጣቷ አውጥታ ብታየው ጥፍር ነው። የቀረውን ልትተፋ መሐረቧን ስትፈልግ የመጨረሻውን ጥራዝ ብብታቸው ሥር አየችው። ዋጠች። ያን ጊዜ ከምግቡ ይልቅ ራሷን ተጸየፈች።

ከመደርደሪያዎቹ ኋላ ማላመጡ ቆመ።

ጋሽ ወንድይፍራው ሦስተኛውን ጥራዝ ከሁለቱ ላይ አስቀመጡና እስከ ጣታቸው ወርዶ የነበረውን የግራ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከክርናቸው በታች ሥጋው በልክ በልክ ተነሥቷል። ከአምስቱ ጣቶቻቸው የቀሩት ሁለት ናቸው።

«እኔ ሦስቴ አጉርሼሻለሁ። እህት ወንድሞችሽ ደግሞ ያንቺን እየጠበቁ ነው። ካልፈለግሽ ደረጃው ያው፣ መጻሕፍቱንም እመልሳቸዋለሁ።»

ይህን ብለው ቢላዋውን በእጀታው በኩል አቀበሏት።

በሩ ክፍት ነበር፤ ከላይ የቀን ብርሃንና የተማሪዎች ሳቅ ይወርዳል። ትርሲት ደረጃውን አየች፣ ሦስቱን ጥራዞች አየች፣ ለዓርብ ሁለት ቀን እንደቀረው አሰበች፤ የምትጽፈው በቀኟ ስለሆነ የግራውን እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች።