በኑግ ዘይት የተወለወለችው ሽጉጥ

በመጋቢት ወር ፲፱፻፷፱ ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ ቤት ለቤት ልትፈተሽ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከውቤ በረሃ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ በዚያ ሰሞን የአራዳ ሰው የሚያስለው እንኳ ትራስ አፉ ላይ ይዞ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። በዚያው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ የቀድሞው የክቡር ዘበኛ ሃምሳ አለቃ ዓምደሚካኤል በጠራራ ፀሐይ በሩን ቀርቅሮ፣ የሚስቱን ነጭ አንሶላ ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ፣ አንዲት ሽጉጥ ፊቱ አስቀምጦ ያልበው ነበር።

ሽጉጧ የእሱ አልነበረችም። ያን ዕለት ጠዋት ያመጣት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መሪ መርሻ ነው።

«ዝጋለች፣ ሃምሳ አለቃ። ነገ ለአሰሳው እፈልጋታለሁ። ኮንጎ ዘምተው ሳለ ዓይንዎን ታስረው ሽጉጥ ይፈቱና ይገጥሙ እንደ ነበር ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።»

«አንድ እጄንም ወደ ኋላ ታስሬ ነበር» አለ ዓምደሚካኤል፤ አፉ ሁልጊዜም ከራሱ ይቀድማል።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት። ከብረቷ አንዲት ጎድላ ብትገኝ ግን ለአናርኪስት እንደ ሰጡ ነው የሚቆጠረው፤ እኔም ላድንዎት አልችልም።»

ዓምደሚካኤል በክቡር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ወደ ኮንጎ የዘመቱትን በማርሽ ሸኝቶ ከመመለስ በቀር ከአገር ወጥቶ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ዐሥራ ስድስት ዓመት በውቤ በረሃ ባንኮኒዎች ላይ የተረከው ጦርነት ኮንጎን ሦስት ጊዜ አቃጥሎ ሦስት ጊዜ መልሶ ያቀና ነበር።

«በል እንግዲህ የኮንጎው ጀግና፣ ጀምርና እንይህ» አለች ሚስቱ ሰርክአዲስ፤ በበሩ ስንጥቅ መንገዱን ትጠብቃለች።

«ዝም በይ፣ እያሰብኩ ነው።»

«ኮንጎ ላይ ሳታስብ አልነበር የምትፈታው?»

መፍታቱስ አላስቸገረም፤ እንዲያውም ሳያስበው ተፈታች። አንዱን ብረት ገፋ ሲያደርግ ሞላዋ ተስፈንጥራ ጣራውን ልትበሳ ምንም ሳይቀራት የት እንደ ወደቀች ጠፋች። የቀሩትን ብረቶች አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገ። የመሣሪያ ዘይት የለም፤ በቅቤ እንዳይቀባት ሁዳዴ ነውና ሰርክአዲስ የቅቤውን ማሰሮ አጥባ ከደፋችው ሰንብቷል። በቤቱ የተገኘው የኑግ ዘይት ብቻ ነበር። ዓምደሚካኤልም ብረቱን ሁሉ በኑግ ዘይት ነከረና ዘልቆ እንዲገባለት ብሎ ከሰል ምድጃው ዳር ደረደረው።

በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

«እኔ ነኝ፣ አብርሃ። ክብሪት ልለምን ነው።»

አብርሃ በዚያው ግቢ ከእኅቱ ከትርሓስ ጋር የሚኖር፣ ፒያሳ በአንድ ነጋዴ ቢሮ መኪና ጸሐፊ የሆነ ጎልማሳ ነው። ገብቶ ምድጃው ዳር የተደረደረውን ሲያይ ክብሪቱንም ረሳ።

«እዋይ! ጋሼ ዓምዴ፣ ሽጉጥ ነው የሚጠብሱት?»

«ሳቅህን ትተህ ሞላዋን ፈልግልኝ። ነገ ካልገጠምኳት አንገቴ የለም።»

አብርሃ ተንበርክኮ ቤቱን ሲያስስ ሞላዋን ከተዘፈዘፈው ሽምብራ ውስጥ አወጣት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ያዩት ፈተና ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል፤ አንዱ ብረት ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ሞላዋ ከጣት ሥር እንደ ዓሣ ታመልጣለች፤ አንዴ ግጥም ብላ ደስ ሲላቸው አፈሙዟ በስተኋላ ሆና ተገኘች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሽጉጥ የምትመስል ሽጉጥ ሆነች። ዓምደሚካኤል «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ሳይጨርስ ሰርክአዲስ አንሶላዋን አነሣች፤ የገብስ ፍሬ የምታህል ብረት ጠብ አለች።



መልሰው ሊፈቷት ቢታገሉ በእሳት የተጠበሰው ኑግ እንደ ሙጫ ይዟት ንቅንቅ አልል አለች። ጥይት ሳያጎርሱ ቃታዋን ቢስቡት ድምፅ እንኳ አላሰማም።

«አትተኩስም» አለ አብርሃ በሹክሹክታ።

«አንተ አላየህም።»

«እኔ አላየሁም፣ ጋሼ።» ክብሪቱን ይዞ ወጣ። ሰርክአዲስም ትንሿን ብረት ወስዳ ሽንት ቤት ጣለቻት።

በማግስቱ ማለዳ መርሻ መጣ፤ ሽጉጧ እንደ መስታወት ታበራለች። አገላብጦ አያትና፣ ጓዶቹ ከውጭ ሲጠሩት ጥይቷን አጉርሶ ወገቡ ላይ ሻጣት። የግቢው ፍተሻ ወዲያው ተጀመረ። ከአብርሃ ምድጃ አመድ ውስጥ ጥግ ጥጉ ብቻ የተቃጠለ የበራሪ ጽሑፍ ማባዣ ወረቀት ተገኘ፤ በዚያ ሰሞን ለዚህ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነበር። ጓዶቹ ወደሚቀጥለው ግቢ አለፉ፤ መርሻ አብርሃን ራሱ ወደ ቀበሌው ሊያደርስ ሽጉጧን ጀርባው ላይ ደግኖ ወጣ።

አብርሃ በዓምደሚካኤል በር ሲያልፍ ቀና ብሎ አየው። ዓምደሚካኤል ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ይህ ሰው ሽጉጧ ሙት መሆኗን ያውቃል። ካልሮጠ ይሞታል፤ ከሮጠ ደግሞ መርሻ ቃታውን ይስባል፤ የሚሞተውም ሽጉጧን የገጠማት ይሆናል። አብርሃ ግን አልሮጠም። በዓይኑ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር።

ዓምደሚካኤል ቃል ሊያወጣ ቢሞክር አፉ፣ ያ ሁሌም የሚቀድመው አፉ፣ ደረቀበት። ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ተቀምጠው ጠበቁ። ከቁልቁለቱ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ተኩስ ግን አልተሰማም። መርሻ ሱሪው በጭቃ ርሶ ብቻውን ተመለሰና በሩን ከኋላው ዘጋ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አናርኪስቱ ሊያመልጥ ሲል ተኩሼ ጣልኩት። ወንዙ ወሰደው» አለ ዓምደሚካኤልን ትኩር ብሎ እያየ፤ «ተኩሱን ሰምተዋል፣ ሃምሳ አለቃ?»

መሣሪያው ሙት ሆኖ እስረኛ ያመለጠው የጥበቃ መሪ ምን እንደሚጠብቀው ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«ሁለቱንም ነው የሰማሁት» አለ ዓምደሚካኤል።

«አንድ ነው የተኮስኩት።»

«ሁለት ነው፣ ጓድ። ሁለተኛውማ መስኮቴን አርገፍግፎታል።»

መርሻ «እንግዲህ ሁለት ይሁን» ብሎ ወጣ።

በቀበሌው ስብሰባ አብርሃ በሁለት ጥይት እንደ ተመታ ተነገረ፤ ተጨበጨበም። ማልቀስ የተከለከለበት ጊዜ ነበርና ትርሓስ በሯን ዘግታ ጥቁር ለበሰች። ሰርክአዲስ አቅፋ እውነቱን በጆሮዋ ነገረቻት፤ ትርሓስም ሰው እንዳይጠረጥር ጥቁሩን ሳታወልቅ ቀረች። ከአብርሃ ግን አንድም ቃል አልመጣም፤ ዓመትም በዓመት ተተካ፤ ለማስመሰል የተለበሰው ጥቁርም ቀስ በቀስ የእውነት ሐዘን ሆነ።

ዓምደሚካኤል እስከ ዕለተ ሞቱ የኮንጎን ዘመቻ ሲተርክ ኖረ። በዚያች ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ያደረገውን ግን ለማንም አልተናገረም፤ ስለዚህም የሰፈሩ ታሪክ እሱን በውሸቱ፣ አብርሃን በሞቱ፣ መርሻን በሁለት ጥይቱ ሲያስታውስ ይኖራል።